ትከሻ የተሻገረው ባሕር

ድሬዳዋን የወለዳት ዳገት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በመጀመሪያ ሐሳቡ ወደ ሐረር ሊወጣ ነበርና፣ የተራራው አቀበትና አቀበቱ የሚጠይቀው ገንዘብ አንድ ላይ ሲከብዱበት በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከግርጌው ሜዳ ላይ ደርሶ ቆመ፤ በቆመበትም ስፍራ በፊት ድንኳን፣ ቀጥሎ መጋዘን፣ ከዚያም ከተማ ተተከለ። ስለዚህ ይህች ከተማ እንደ ጎንደር ከነገሥታት አዳራሽ ወይም እንደ ላሊበላ ከመቅደስ የተገኘች ሳትሆን ከለገሃር የተገኘች በመሆኗ፣ የአገሩ ባለቤት ከሆኑት ከኦሮሞውና ከሶማሌው ጎን ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው፣ የየመኑ ዐረብ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ጊዜ ጎጆ የወጡባት፣ ሁሉም ከሌላ አገር ያመጣውን ነገር በጎረቤቱ ፊት የፈታባት ሥፍራ ሆነች።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በመጋላ ወይም በገንደ ቆሬ በአንድ የሠርግ ማታ የተገኘ ሰው ይህንን በዓይኑ ያየዋል። ወጣቶቹና ልጃገረዶቹ ፊት ለፊት ቆመው የኦሮሞውን ሸጎዬ ሲጀምሩ አንገት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመታል፤ ጥቂት ቆይቶ የሶማሌው ዳንቶ ሲመጣ እግርና እጅ አንድ ላይ ይመታሉ፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብም የደጋው ዘፈን ተነሥቶ እግር ጸጥ ሲል ትከሻ ይናገራል። ከእነዚህ ሁሉ ጭፈራዎች ውስጥ አንዱን ብቻ የሚያውቅ የድሬዳዋ ልጅ አላየሁም። የጎረቤቱን ውዝዋዜ የተበደረ መሆኑንም ማንም ቆሞ አያስብም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውነቱ ተምሮታልና።

ይህንን ያስቀደምኩት የዚህ ምዕራፍ ነገር ስለ መበደርና ስለ መሸከም በመሆኑ ነው። ዘመናዊ ውዝዋዜ የሚባለው ኪነ ጥበብ፣ ማለትም ባለፈው ምዕት ዓመት መባቻ ላይ ከባሌቱ ጫማና ከቤተ መንግሥቱ ሥርዐት ወጥቶ በባዶ እግር መሬት የረገጠው የመድረክ ጥበብ፣ ከአይሁድ ሕዝብ ብዙ ነገር የተቀበለ ነው፤ ከተቀበለውም መካከል አንዱ የእኛው ትከሻ ሆኖ ይገኛል። ዓ.ም. ያላልኩበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ነገሩን ከቃሉ ብንጀምር ይሻላል። ዛሬ «ዘፈን» ስንል ጆሮ የሚሰማውን ዜማ እናስባለን፤ በግእዝ ግን «ዘፈነ» ማለት በእግርና በሰውነት ተንቀሳቀሰ፣ ተወዛወዘ ማለት ነው። የእስራኤል ልጆች የኤርትራን ባሕር ከተሻገሩ በኋላ የአሮን እኅት ማርያም ከበሮ ይዛ ሴቶቹን አስከትላ የወጣችው፣ ንጉሡ ዳዊትም በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ የተወዛወዘው በዚሁ ቃል ነው። የሳኦል ልጅ ሜልኮል ይህንን ከመስኮት ሆና አይታ በልቧ እንደናቀችው መጽሐፉ ይነግረናል። ንጉሥ በሕዝብ ፊት እንዴት ይዘላል የሚለው የሜልኮል ጥያቄ በብዙ አገር እስካሁን አላለቀም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ዳዊት ያሸነፈ ይመስላል፤ ካህናቱ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ሲዘሙ፣ ጸናጽሉና ከበሮው ሲገናኝ፣ ወረቡ ከለሆሳስ ተነሥቶ እየፈጠነ ሲሄድ፣ በታቦት ፊት መወዛወዝ አምልኮ መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በአውሮፓና በእስያ የተበተኑት አይሁድ በበኩላቸው ከቤተ መቅደሱ መፍረስ በኋላ ስለ ኀዘን ብለው የዜማ ዕቃን ከምኩራባቸው አርቀው ኖሩ፤ ጭፈራው ግን በሠርግና በበዓል አልጠፋም፤ በ18ኛውም ምዕት ዓመት በምሥራቅ አውሮፓ የተነሡት ሐሲዲም መወዛወዝን እንደገና ከጸሎት ወገን አደረጉት።

ከ1881 በኋላ በሩሲያ ግዛት በአይሁድ ላይ የተነሣው ዘረፋና ግድያ፣ ድህነቱም ተጨምሮበት፣ እስከ 1924 ድረስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ አሜሪካ አሻገረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኒው ዮርክ ከተማ በታችኛው ምሥራቅ ሰፈር በጠባብ ቤት ተጨናንቀው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ልጆቻቸው ከመንገድ እንዳይውሉም በጎ አድራጊዎች በየሰፈሩ ያቋቋሟቸው ማኅበራዊ ቤቶች ትምህርትና ጨዋታ ይሰጡ ነበር። አሊስና አይሪን ሉዊሶን የተባሉ ሁለት አይሁዳውያን እኅትማማቾች በዚሁ ሰፈር በ1915 አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት አሠርተው የድኾቹን ልጆች ውዝዋዜና ተውኔት ያስተምሩ ነበር። እንግዲህ ዘመናዊው ውዝዋዜ በሚፀነስበት ሰዓት እነዚህ ልጃገረዶች ከደጁ ላይ ነበሩ። ባሌት የነገሥታት ጥበብ በመሆኑ መግቢያው ጠባብ፣ በረኛውም ብዙ ነበር፤ አዲሱ ጥበብ ግን ገና ቤትም በረኛም አልነበረውም፤ የአዲሱ ጥበብ ታላቅ መሪ የሆነችው አሜሪካዊቷ ማርታ ግራሃም የራሷን ቡድን ይዛ የተነሣችው በ1926 ነውና። አገር የሌለው ሕዝብና አገር የሌለው ጥበብ በመንገድ ላይ ተገናኙ። የአይሁድ ድርሻ በዚህ ጥበብ ውስጥ ለምን እንደበዛ ሲጠየቅ ሌሎች ስለ ደም ውርስ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ምክንያቱ ይህ የበር ጉዳይ ነው እላለሁ።

ከእነዚያ ልጃገረዶች አንዷ አና ሶኮሎው ናት። ከሩሲያ ከመጡ ወላጆች በ1910 ተወልዳ፣ እናቷ በፋብሪካ እየሰፋች ያሳደገቻት፣ በማኅበራዊ ቤት ውስጥ መወዛወዝ የጀመረች፣ ከዚያም በሉዊሶኖቹ ቴአትር ቤት ተምራ ለብዙ ዓመታት ከማርታ ግራሃም ቡድን ጋር የሠራች ነበረች። ስሟን ለድሬዳዋ አንባቢ የማነሣበት ግን ሌላ ምክንያት አለኝ።

በሚያዝያ ወር መጨረሻ 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በዚችው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም ኢንተርፕራይዝ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ወደብ ደረሱ፤ ከሐይፋም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በእነዚሁ ቀናት ውስጥ በግራዚያኒ የሚመራው የጣልያን ወራሪ ጦር ሐረርን አልፎ ድሬዳዋ ገባ። በሰሜኑ ግንባር ከተሰለፉት የፋሺስት ወዶ ዘማቾች መካከል ደግሞ ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ የተባለ ስመ ጥሩ የጣልያን ባለቅኔ ነበረ፤ ይህ ሰው በሞተርና በመድፍ ፍቅር ያበደ፣ ጦርነትን እንደ ሙሽራ የሚያሞግስ ነበርና፣ በአገራችን ላይ ስለ ተደረገው ወረራ የጻፈው ውዳሴ የሚቃጠለውን መንደር ጢስ ሳይቀር በውበት ይቈጥራል። የመርዝ ጋዙ በሰውና በከብት ላይ ሲዘንብ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህንን ቃል ቢሰማ ምን ይል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አና ሶኮሎው በ1937 በኒው ዮርክ ይህንኑ የማሪኔቲን ቃል ወስዳ ውዝዋዜ አደረገችው፤ ዜማውን የደረሰላት አሌክስ ኖርዝ ነው። የማሪኔቲን ውዳሴ አንድ ቃል ሳትቃወም ሐረግ በሐረግ እንዳለ ተቀብላ፣ በእያንዳንዱ ሐረግ ላይ የሰው ሰውነት ምን እንደሚሆን ማሳየቷ ነው ጥበቡ፤ ባለቅኔው ያሞገሰውን ብረት ለበስ ሥጋ በራሷ ሥጋ ላይ ስታደርገው ውዳሴው ራሱን ከሰሰ። ሰም የጠላት፣ ወርቅ የተበዳዩ ሆነ ማለት ነው። ቅኔ ያወቀ አገር ይህን አሠራር ለመረዳት አስተርጓሚ አይሻም። በዚያን ዘመን የዓለም መንግሥታት ጉባኤ ጆሮውን ደፍኖ ነበርና፣ ኢትዮጵያን አይታ የማታውቅ የልብስ ሰፊ ልጅ በእግሯ ስለ እኛ መመስከሯን በትምህርት ቤቶቻችን ሲነገር አለመስማቴ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በዚያው ዓመት የፋሺስቱን መንግሥት ኤግዚቢሽንና ሥነ ሥርዓት የሚያላግጥ ሌላ ውዝዋዜም ሠርታለች። በ1955 የደረሰችውና በጣም የታወቀላት ሥራ በተከራይ ክፍሎች ውስጥ ለየብቻቸው የሚኖሩ የከተማ ሰዎችን ብቸኝነት የሚያሳይ ሲሆን፣ በመድረኩ ላይ ያሉት ወንበሮች ራሳቸው ያለቅሳሉ ያሰኛል።

ከአይሁድ ወገን ለዚህ ጥበብ የተሰጠው ሁለተኛው ነገር ቤት ነው። በኒው ዮርክ በ92ኛው ጎዳና የሚገኘው የአይሁድ ወጣቶች ማኅበር አዳራሽ፣ የትምህርት ክፍሉን ይመራ በነበረው በዊልያም ኮሎድኒ አሳብ፣ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ ቴአትር ቤት ለማይቀበላቸው የዘመናዊ ውዝዋዜ ሠሪዎች በሩን ከፈተ፤ ጥቁሮች በብዙ መድረክ ላይ በማይፈቀድላቸው ዘመንም እዚያ ተፈቀደላቸው። አልቪን ኤይሊ የተባለው የቴክሳስ ጥቁር ወጣት የመጀመሪያ ቡድኑን በ1958 ያሳየው፣ በጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር ላይ የቆመውንና ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚታየውን ታላቅ ሥራውን በ1960 ያቀረበው በዚሁ አዳራሽ ነው። ከእርሱ በፊት ሔለን ታሚሪስ የተባለች፣ የልደት ስሟ ሔለን ቤከር የሆነ አይሁዳዊት፣ ከ1928 ጀምሮ በእነዚሁ የጥቁሮች መዝሙሮች ላይ ራሷ ትወዛወዝ ነበር። አሳቧ ቅን እንደነበር አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ከደጅ ቆሞ እንግዳው በቤቱ ሲዘፍንለት ማየት ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ የኮሎድኒ አዳራሽ ለኤይሊ በሩን በመክፈቱ ከታሚሪስ የበለጠ ሠራ ብዬ እፈርዳለሁ።

በአውሮፓ የሆነው አጭርና መራራ ነው። ጀርመናዊው የውዝዋዜ ደራሲ ኩርት ዮስ፣ ራሱ አይሁዳዊ ሳይሆን፣ ናዚዎች አይሁዳዊ የሆነውን የዜማ ደራሲውን ፍሪትስ ኮኸንን እንዲያባርር ሲያዝዙት እምቢ ብሎ በ1933 ከነቡድኑ ተሰደደ፤ የሞንቴ ካርሎን የባሌት ቡድን ያቋቋመው ረኔ ብሉም በኦሽቪትዝ ተገደለ፤ ከቪየና ተወዛዋዧ ጌርትሩድ ክራውስ በ1935 ወደ ፍልስጤም ምድር ገብታ የማዕከላዊ አውሮፓን አዲስ ውዝዋዜ በቴል አቪቭ ተከለች።

አሁን ወደ እኛው ባሕር ዳርቻ እንመለስ። ከኤደን ወደብ ተነሥቶ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ጅቡቲ መድረስ፣ ከጅቡቲም በባቡር ድሬዳዋ መግባት ለአንድ ነጋዴ የተለመደ መንገድ ነበረ፤ ቡናውና ቆዳው ወደዚያ፣ ጨርቁና ቅመሙ ወደዚህ ይመላለስ ነበርና፣ የየመን እጅና የየመን ከበሮ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ አይደለም። በዚያች በኤደንና በየመን ተራራዎች ውስጥ ደግሞ ብዙ ዘመን ያስቈጠሩ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም ወደ 49,000 የሚደርሱት በ1949ና በ1950 በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እነዚህ ሰዎች ብር አንጥረው፣ ቅርጫት ሰፍተው የሚያድሩ፣ ወንዶቹ በወንዶች ማኅበር ሴቶቹም በሴቶች ማኅበር የሚጨፍሩ፣ ጉልበታቸውን እንደ ምንጭ ውሃ እየሰበሩ የሚያነሡ ነበሩ።

ከየመን የመጡ ወላጆች በኢየሩሳሌም የወለዷት፣ በወላጅ አልባነት ያደገችው ሣራ ሌዊ ታናይ በ1949 ከእነዚህ ስደተኞች ልጆች ጋር ኢንባል የተባለውን የውዝዋዜ ቴአትር አቋቋመች። ከተወዛዋዦቿ ሁሉ የበለጠ የታወቀችው ማርጋሊት ኦቬድ የተወለደችው በኤደን ነው፤ ማለትም ከእኛ ለገሃር የባሕርና የባቡር መንገድ ብቻ በሚለይ አገር ነው። አሜሪካዊው አይሁዳዊ የውዝዋዜ ደራሲ ጀሮም ሮቢንስ ቡድኑን አይቶ በተደነቀ ጊዜ ልጆቹ የመድረክ ሥርዐት እንዲማሩ አና ሶኮሎውን አመለከተ፤ እርሷም በ1953 መጥታ አስተማረቻቸው። ይህች በእግሯ ስለ ኢትዮጵያ የመሰከረችው ሴት ናት፤ መንገዱ እንዴት እንደሚዞር አንባቢ ያስተውል። ኢንባል አውሮፓንና አሜሪካን ዞሮ ተጨበጨበለት፤ በገዛ አገሩ ግን «ይህ የሕዝብ ባህል እንጂ ዘመናዊ ኪነ ጥበብ አይደለም» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1964 ባሮነስ ቤትሳቤ ደ ሮትሽልድ በስሟ ባትሼቫ የተባለውን ቡድን በማርታ ግራሃም መንገድ ስታቋቁም ዘመናዊ የሚለው ስም ያለ ክርክር ለባትሼቫ ተሰጠ። ሣራ ሌዊ ታናይ ይህንን ፍርድ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ስትቃወም ኖራለች፤ እኔም ከእርሷ ወገን ነኝ። አንድ ውዝዋዜ አያት ስላለው ብቻ ዘመናዊ አይደለም ማለት፣ አያት የሌለው ውዝዋዜ በዓለም ላይ ያለ ይመስል መናገር ነው።

ይኸችው ሮትሽልድ ለረጅም ዘመን የማርታ ግራሃምን ቡድን በገንዘብ የረዳች ናት። ግራሃም በ1958 ላሳየችው ለታላቁ «ክሊተምነስትራ» ዜማውን የደረሰው ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከየአካባቢያቸው ወጥተው እንደ አንድ ጓድ ሲጫወቱ ያየው የአዲስ አበባ ሕዝብ ያንን አሳብ ያመጣው ሰው ከማርታ ግራሃም መድረክ ኋላ የመጣ መሆኑን ምናልባት አላወቀም።

ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በጎንደር፣ በሰሜንና በወልቃይት አውራጃዎች የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ ጎረቤቶቻቸው በንቀት ሌላ ስም ሲያወጡላቸው የኖሩት ማለቴ ነው፣ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው ያደሩ፣ ርስት ተነፍጓቸው በጠይብነት የሚፈሩ ሕዝብ ነበሩ። ጸሎታቸው በግእዝ ነው፤ ቄሶቻቸው ነጋሪትና ቃጭል እየመቱ ያዜማሉ። ኬይ ካውፍማን ሸለማይ የተባለችው አሜሪካዊት የዜማ ሊቅ በ1973 ወደ አምቦበርና ወደ አካባቢው ሄዳ ይህንን ዜማ በቴፕ ቀድታ ስትመረምረው፣ በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳመለከተችው፣ ብዙው ሥርዐት ከኢትዮጵያ ገዳማውያን ጋር አንድ ምንጭ ያለው ሆኖ አገኘችው። ይህ ግኝት ንጹሕ ጥንታዊ የአይሁድ ዜማ ይገኝ ይሆናል ብለው የጠበቁትን ሰዎች አላስደሰተም። እኔን ግን ያስደስተኛል፤ ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሲራራቁም በጆሮአቸው ጎረቤታሞች ሆነው መኖራቸውን ይገልጣልና። ለምሳሌ በስግድ በዓል ቀን ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ከሕዝቡ ጋር ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ጾመውና ጸልየው ከወረዱ በኋላ ግን መብሉና እስክስታው ይቀጥላል፤ ያ እስክስታ የጎንደር ክርስቲያን በጥምቀት ማግሥት የሚወርደው እስክስታ ነው።

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት ወር 1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ 14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። በእግር ወደ ሱዳን ከወጡት መካከል በመንገድና በመጠለያ ሰፈር የሞቱት ብዙ ሺህ ናቸው። የደረሱትም ማሽላቸውን፣ በሬያቸውንና ወናፋቸውን ትተው፣ ቋንቋቸው በማይሰማበት አገር ሲቀመጡ፣ ሳይፈተሽና ሳይቀረጥ ያለፈው ሻንጣ ሰውነታቸው ብቻ ነበረ።

ሩት ኤሼል የተባለች የሐይፋ ተወዛዋዥና የውዝዋዜ ተመራማሪ ከ1991 በኋላ በነበሩት ዓመታት በስደተኞቹ መጠለያዎች እየዞረች የአዛውንቱን ትከሻ፣ አንገትና ደረት በጥንቃቄ ታጠና ጀመር፤ በ1995ም በሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ከሚማሩ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የውዝዋዜ ቴአትር አቋቋመች። ስሙን አለመለወጧ ያስመሰግናታል። ሐይፋም ንጉሠ ነገሥቱ በስደት የወረዱባት ያቺው ወደብ ናት።

ሥራዋ ምን እንደነበረ ለመረዳት እስክስታ ራሱ ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። በምዕራቡ ዘመናዊ ውዝዋዜ፣ በተለይ በግራሃም መንገድ፣ እንቅስቃሴው ከሆድ ዕቃ ይነሣል፤ ሰውነት በትንፋሽ ይኮማተራል፣ በትንፋሽ ይፈታል፤ ተወዛዋዡም መሬት ላይ ይወድቃል፣ ከመሬትም ይነሣል። በእስክስታ ግን ሰውየው በቦታው ቆሞ፣ ወገቡን ይዞ፣ ፊቱን አረጋግቶ፣ የትከሻውን አጥንት ብቻ ለብቻ ያስነሣዋል፤ ደረቱ ይሰበራል፣ አንገቱ ይመልሳል፣ ትንፋሹም በጥርሱ መካከል እየሾለከ «እስ፣ እስ» እያለ ከበሮውን ይከተላል። አንድን የሰውነት ክፍል ከሌላው ለይቶ ማንቀሳቀስ በአውሮፓ የውዝዋዜ ትምህርት ቤት በዓመታት ልምምድ የሚገኝ ጥበብ ሲሆን፣ የጎንደርና የጎጃም እረኛ ከአጎቱ ተምሮ በአሥር ዓመቱ ይዞት ይገኛል። ኤሼል ተማሪዎቿን የባዕድ ስልት ላስተምራችሁ አላለችም፤ ያላቸውን ይዛ፣ ከዘፈኑ ምት ለይታ፣ አንዳንዴ ያለ ምንም ዜማ በጸጥታ፣ አንዳንዴም እጅግ በዝግታ፣ አንድ ትከሻ ብቻ እስኪቀር ድረስ እየቀነሰች አሳየችው። በሠርግ ላይ የደስታ የነበረው እንቅስቃሴ ሲዘገይ የለቅሶ ሆነ፤ ደረት የሚመታው የኀዘንተኛ እጅና ደረት የሚሰብረው የዘፋኝ ትከሻ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸው ተገለጠ። በሱዳን መንገድ የቀሩትን ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ቋንቋ አይገኝም ነበር።

በ2005 ይኸው ሥራ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ በሐይፋ የሰፈር ማኅበራዊ ማዕከል ውስጥ «ቤታ» የተባለው ቡድን ሆነ፤ በልጅነቷ ከኢትዮጵያ ወጥታ በሱዳን በኩል የሄደችው፣ በተማሪነቷም የኤሼል ተወዛዋዥ የነበረችው ደጌ ፌደር በኋላ የቡድኑ የጥበብ መሪ ሆነች። ይህ ለውጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነገር ነው፤ ታሚሪስና ኤይሊን ስናነጻጽር ያነሣነው የባለቤትነት ጥያቄ እዚህ ላይ በተግባር መልስ አግኝቷልና። ባሌትንና ዘመናዊውን ውዝዋዜ የተማረች አንዲት ደግ መምህርት ትከሻውን አይታ ብታከብረውም፣ ትከሻው በእናቷ ጓዳ የለመደች ሴት ስትመራው ሌላ ነገር ይሆናል፤ የምትሠራቸውም ሥራዎች ጥቁር ሆኖ እስራኤላዊ፣ እስራኤላዊ ሆኖ ኢትዮጵያዊ የመሆንን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኖሩበት የሚያወጡ ናቸው። ያ የኢንባል አሮጌ ክርክር እንደገና መነሣቱ፣ ይህ ባህል ነው ወይስ ኪነ ጥበብ መባሉም አልቀረም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህንን ስነግራቸው «እስክስታችንን ወሰዱት» ይላሉ። ማን ከማን ወሰደ? ቤተ እስራኤል በጎንደር ምድር ከማንም ባላነሰ ዘመን የኖሩ፣ ማረሻውንና ጀበናውን የሠሩልን ሕዝብ ናቸውና፣ ትከሻው የእነርሱም ነው፤ ይዘውት ሄዱ እንጂ አልወሰዱትም። ቅሬታ ማቅረብ ካለብን በሌላ በኩል ነው፦ እነርሱ በሐይፋ ከአዛውንቱ እየለቀሙ ሲያጠኑት፣ እኛ ያለንን የምናየው በሆቴል እራት ላይ ለእንግዳ ሲታይ ብቻ መሆኑ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዚችው በድሬዳዋ አፍራን ቀሎ የተባለው የዘፈን ቡድን ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል ገና ለጋ የነበረው ዘፋኙ አሊ ቢራ፣ የሰፈራቸውን የኦሮሞ ዘፈን ከሠርግ ቤት አውጥተው በመድረክ ላይ ሲያቆሙት ማንም ዩኒቨርሲቲ አልረዳቸውም፤ ዜማውን አዳኑት። ሸጎዬው፣ ዳንቶውና የሐረሪው የሴቶች ጭፈራ ግን በእንቅስቃሴ ደረጃ፣ እግሩ የት እንደሚረግጥ፣ አንገቱ በስንተኛው ምት እንደሚመለስ፣ የጻፈለት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ በከተማችን የምታስተምሩ መምህራንና የምትማሩ ወጣቶች፣ በሚመጣው የጥር ሠርግ ከመጨፈራችሁ በፊት አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ያዙ፤ ከዳር የተቀመጡትን አሮጊት ቀርባችሁ «እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት፣ በእርስዎ ዘመን እንዴት ነበር?» በሏቸው፤ ተነሥተው ሲያሳዩአችሁ ቅዱት፣ ስማቸውንና ሰፈራቸውንም ጻፉበት።